የፊደል ልክ፦ ከወስፌ እስከ ሬም

የግዕዝ ፊደል ልክ መጀመሪያ የተወሰነው በወስፌ ነው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ወጥሮ፣ ፍቆና አጥፎ ካዘጋጀ በኋላ ብዕር ከማንሳቱ በፊት የገጹን ዳርና ዳር በወስፌ ይወጋል። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ቀለም በሌለው ሹል ነገር ያሰምራል። በሁለት መስመር መካከል የቀረችው ክፍተት የፊደሉን ቁመት ትወስናለች። የመቃው ብዕር አቀራረጽ፣ በአንድ ዓምድ የሚገባው ቃል ብዛት፣ መጽሐፉ የሚፈጀው የበግና የፍየል ቆዳ ሁሉ ከዚያች ክፍተት ይከተላል። ክፍተቷ ከሰፋች መጽሐፉ ይከብዳል፣ ቆዳም ይበላል፤ ከጠበበች ደግሞ ዓይን ትፈጃለች።

ክፍተቷን ጸሐፊው ለብቻው አይወስናትም። አስጻፊው አለ፣ የመጽሐፉም አገልግሎት አለ። በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ ቆመው የሚያነቡት መጽሐፍ ትልቅ ፊደል ይሻል፤ በማኅደር ገብቶ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው ዳዊት ግን ሊያንስ ይችላል። በጎንደር ዘመን ጉልህ የተባለው ትልቅና ሰፊ አጻጻፍ ሲበለጽግ፣ ረቂቅ የሚባለው ቀጭኑ አጻጻፍም የራሱ ቦታ ነበረው። ማን ያነበዋል፣ ከየት ሆኖ ያነበዋል የሚለው ጥያቄ ከልኩ በፊት ይነሣ ነበር። ይህን ቅደም ተከተል ልብ እንድንለው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የሕትመቱና የስክሪኑ አምስት መቶ ዓመት ታሪክ ቅደም ተከተሉ እንዴት እንደተገለበጠና እንዴት ቀስ በቀስ ወደ ቦታው መመለስ እንደጀመረ የሚናገር ነው።

የተገለበጠው ሮም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ባለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ የዳዊትን መዝሙር አሳተመ። በግዕዝ ፊደል በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ከዚያ በ1548 አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን አዲስ ኪዳን እዚያው ሮም ማሳተም ጀመሩ። ፊደሉን የሚደረድሩት ሠራተኞች ግዕዝ አያውቁም፣ አባ ተስፋ ጽዮንና ጓደኞቻቸው ደግሞ የሕትመትን ሥራ አያውቁም ነበር። በዚህ ምክንያት ለተፈጠረው ስሕተት በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። ያን ይቅርታ ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ሥራው ከብዷቸው አለመተዋቸው ነው።

በእርሳስ ፊደል ልክ የሚለካበት መንገድ ከብራናው ይለያል። እያንዳንዱ ፊደል በአንድ የእርሳስ አካል ራስ ላይ ተቀርጾ ይወጣል። አካሉ ከፊደሉ ጫፍ በላይና በታች ትርፍ አለው። ስለዚህ አታሚ "የፊደል ልክ" ሲል የአካሉን ቁመት እንጂ ዓይን የሚያየውን ፊደል አይለካም። ወርዱና ቁመቱ እኩል የሆነው የእርሳስ ካሬ በላቲኖቹ አታሚዎች ዘንድ ኤም ተባለ። ዛሬ የዌብ ዲዛይነር በኮዱ ውስጥ ኤም ብሎ ሲጽፍ ያንኑ ካሬ እየጠራ ነው፤ እርሳሱ ቀልጦ ከጠፋ በኋላም የካሬው ባዶ ጠርዝ ከፊደላችን ጋር አብሮ ቀርቷል።

የእርሳሱ ሌላ ጠባይ ለግዕዝ ይበልጥ ከባድ ነበር። የላቲን አታሚ ትንሹንና ትልቁን ፊደል፣ ቁጥሩንና ነጥቡን ጨምሮ ከመቶ ጥቂት በሚያልፍ ቅርጽ ይሠራል። ለግዕዝ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይመጣሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። አንድ ተጨማሪ ልክ ማስገባት ማለት ይህን ሁሉ እንደገና መቅረጽና ማቅለጥ ማለት ነው። ስለዚህ ማተሚያ ቤቶች በጥቂት ልክ መኖር ነበረባቸው። የግዕዝ ሊቁ ሂዮብ ሉዶልፍ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የግዕዝ ፊደል በራሱ ወጪ ሲያስቀርጽ ይህን ዋጋ ያውቅ ነበር። አንባቢው ለሚፈልገው ልክ ሳይሆን ማተሚያ ቤቱ ላለው ልክ መገዛት የተጀመረው በእርሳሱ ዘመን ነው።

አውሮፓውያን የአካሉን ቁመት በአንድ ስም ለመጥራትም ጊዜ ወስዶባቸዋል። ፈረንሳዊው ፉርኒዬ በ1737 የፖይንትን ሥርዓት አወጣ፣ ዲዶ በኋላ አሻሻለው፣ አሜሪካኖች በ1886 የራሳቸውን ወሰኑ። ኮምፒውተር ሲመጣ ፖይንት የኢንች አንድ ሰባ ሁለተኛ ሆኖ ጸና።

ወደ አገራችን ማተሚያ የመጣው በቀይ ባሕር በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ምጽዋ ላይ የላዛሪስት ሚሲዮናዊው ቢያንኬሪ ማተሚያ አቋቋመ። በአዲስ አበባ አእምሮ ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚወጣው። ከዚያ በ1914 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተመሠረተ፤ በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ስም ጋዜጣ ወጣ። በማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ የሚባል ሞያ ተፈጠረ። ለቃሚው ከሣጥኑ ፊደል በፊደል እየለቀመ መስመር ይገጥም፣ ከታተመ በኋላም መልሶ ወደየቤቱ ይበትን ነበር። የአማርኛ ሣጥን ከላቲኑ በእጅጉ ስለሚሰፋ እጁ ብዙ ይመላለስ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጣሊያን ገባ። በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ የአገሬው ሰው ገበያ ብሎ ከለለው፤ መርካቶ የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። ጠላት ከወጣ በኋላ ገበያው በየተራው አደገ፤ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ እያለ። በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በታላቁ አንዋር መስጊድ ሠፈር ወረቀት፣ ደብተርና የጽሕፈት መሣሪያ በካርቶን ይነሣል፣ በችርቻሮም ይሸጣል። ኋላ የምመለስበትን ራጉኤልን ለዚህ ታሪክ የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ የብራናው ዳዊት፣ ባለ 50 ሉክ ደብተሩና የስልክ ስክሪኑ በአንድ መንገድ ላይ የሚተላለፉበት ቦታ ነውና።

የጽሕፈት መኪናው ደግሞ የልኩን ጉዳይ በሌላ መንገድ አጠበበው። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ የገጠማቸው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ከአርባ ጥቂት በሚያልፍ ቁልፍ እንዴት ይገባል? መልሱ ዋናውን ቅርጽ መትቶ ቅጥያውን በሌላ ምት ማከል ሆነ። ኦሊቬቲ በኋላ ያወጣቸው የአማርኛ መኪኖችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። የሰፊው ጨ እና የጠባቡ ነ ቦታ እኩል ሆነ፤ ልክ የሚባል ምርጫም አልነበረም፣ መኪናው ያለው አንድ ልክ ነው። ቅጥያዎቹ ከአካሉ ተነጥለው ወይም ተጣብቀው ሲወድቁ ያየ ሰው፣ ማመልከቻ ሲያነብ ዓይኑን ጨፈን ከፈት የሚያደርግበትን ምክንያት ያውቃል። እንዲያም ሆኖ መንግሥት ለአሥርታት በእርሱ ጽፏል፤ ክብር ይገባዋል።

ኮምፒውተሩ የመጣው ከውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን እጅ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ዶክተር አበራ ሞላ በኮሎራዶ፣ ፍሥሐ አጥላው በካሊፎርኒያ ግዕዝን በኮምፒውተር ለመጻፍ ሠሩ። በወቅቱ አንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ ስላልነበረው ፊደሉ በሁለትና በሦስት ፎንት ይከፋፈል ወይም እንደ ጽሕፈት መኪናው ቁራጭ በቁራጭ ይቀጣጠል ነበር። አገር ቤት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተባሉት የጽሕፈት ፕሮግራሞች በየቢሮው፣ በየኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቱ ገቡ። "በፓወር ግዕዝ 12 ጻፍልኝ" የሚለው ትእዛዝ የዚያ ትውልድ የፊደል ልክ ትምህርት ነው። ትእዛዙ በወረቀት ላይ ይሠራል፤ ወረቀት አይለዋወጥማ።

ዳንኤል ያዕቆብ፣ ይትና ፍርድ ይወቅና ሌሎችም የግዕዝን ፊደል ለዓለም አቀፉ የፊደል መዝገብ፣ ለዩኒኮድ፣ ለማብቃት ዓመታት ደከሙ። ዩኒኮድ 3.0 በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ግዕዝ የራሱን ቤት አገኘ። እያንዳንዱ ፊደል ሙሉ ሆኖ፣ ሳይቀጣጠል፣ የራሱ ቁጥር ተሰጠው።

ዌቡ ግን አልጠበቀም። ሆኮን ዊም ሊ የገጽ ማስጌጫ ቋንቋውን ሐሳብ ያቀረበው በጥቅምት 1994 ነው፤ ከበርት ቦስ ጋር አዳብረውት ሲኤስኤስ በታኅሣሥ 1996 እ.ኤ.አ. ጸደቀ። ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ያገኘችው ከዚያ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት፣ በ1989 ዓ.ም. ነው። ያ የመጀመሪያ ሲኤስኤስ ለፊደል ልክ ብዙ መለኪያ ደረደረ፦ ኢንች፣ ሴንቲ ሜትር፣ ፖይንት፣ ፒክስል፣ ኤም፣ በመቶኛ። ከዚያ በፊት የነበረው ከ1 እስከ 7 የሚቆጠር ደረጃ ብቻ ነበር።

ፖይንት ለብዙዎች የታወቀ ወዳጅ ስለነበር ቀድሞ ተመረጠ። በስክሪን ላይ ግን አታለለ። የማክ ኮምፒውተር በአንድ ኢንች 72 ነጥብ፣ ዊንዶውስ 96 ነጥብ ይቆጥሩ ስለነበር 12 ፖይንት ማክ ላይ 12 ፒክስል፣ ዊንዶውስ ላይ 16 ፒክስል ሆኖ ወጣ። አንድ ገጽ እዚህ ጉልህ፣ እዚያ ረቂቅ። ዲዛይነሮች ተማረሩና ወደ ፒክስል ሸሹ። ፒክስል ቢያንስ ያሉትን ይሰጣል።

የግዕዝ ገጾች ሰቆቃ የከፋው እዚህ ላይ ነው። ፎንቱ ከአንባቢው ኮምፒውተር ከሌለ የአማርኛው ጽሑፍ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ይነበብ ነበር። ስለዚህ ብዙ ገጾች ጽሑፉን እንደ ሥዕል ወይም እንደ ፒዲኤፍ አወጡት፤ ሥዕል ደግሞ ቢጎላ ይደበዝዛል እንጂ አይጠራም። በእውነተኛ ፊደል የጻፉትም ቢሆኑ በላቲን የተዘጋጀ የገጽ አብነት ወስደው 11 ወይም 12 ፒክስል ላይ አማርኛቸውን አፈሰሱ። ዘመናዊ መስሎ ይታይ የነበረው ትንሽ ፊደል ነበር።

እስኪ በ11 ፒክስል ላይ ያለውን አንድ ፊደል ጠጋ ብለን እንየው። ፊደሉ ከአካሉ ስለሚያንስ ለቅርጹ የሚተርፈው ስምንት ፒክስል ገደማ ቁመት ነው። "ሂ" ከእግሩ አጠገብ አጭር ሰረዝ አለው፤ "ሄ" በዚያው ቦታ ትንሽ ቀለበት አለው። ቀለበት ቀለበት ለመሆን ቢያንስ ሦስት ፒክስል ወርድና ሦስት ፒክስል ቁመት ይፈልጋል፤ ሁለቱ ለጠርዝ፣ አንዱ ለመሃሉ ባዶ። በዚያ ልክ ላይ መሃሉ ይደፈናል፤ ቀለበቱ ሰረዝ ይመስላል። "ሄዱ" እና "ሂዱ" አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ አንደኛው ወሬ፣ ሌላው ትእዛዝ። በላቲን ትንሽ ፊደል አንድ ጠርዝ ቢደበዝዝ አንባቢው ከቃሉ ቅርጽ ይገምታል። በእኛ ፊደል ግን አናባቢው ያለው በዚያች ቅጥያ ላይ ነው፤ ቅጥያዋ ስትጠፋ ድምፁ ይጠፋል። ለዚህ ነው ልክ የመምረጥ ጉዳይ ለአማርኛ ገጽ የጌጥ ጉዳይ አይደለም የምለው።

ፒክስል ሌላም በደል ነበረው። በዘመኑ ገበያውን የያዘው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 አንባቢው ፊደል አጉላ ብሎ ቢያዝ በፒክስል የተጻፈውን አይነካም ነበር። ደራሲው 11 ካለ 11 ነው። ማተሚያ ቤቱ ለአንባቢው የወሰነበት ዘመን በስክሪን ተመለሰ። ማይክሮሶፍት ገጹን በሙሉ የሚያጎላ መሣሪያ የጨመረው በ2006 በኤክስፕሎረር 7 ነው።

መፍትሔ የፈለጉት ወደ ኤም ሄዱ። ኤም ከአንባቢው ምርጫ ይነሣል፤ ማሰሻዎች በልማድ መነሻቸውን 16 ፒክስል ያደርጋሉ፣ አንባቢው 20 ካደረገው ሁሉም አብሮ ያድጋል። ችግሩ ኤም የሚቆጥረው ከቅርብ ወላጁ መሆኑ ነው። ዝርዝሩን 0.8 ኤም ብትለው 12.8 ፒክስል ይሆናል፤ በውስጡ ያለው ንዑስ ዝርዝር 10.24፣ ሦስተኛው 8.19 ድረስ ይወርዳል። ዌብ ዲዛይነሩ ሪቻርድ ራተር በ2004 የመነሻውን ልክ 62.5 በመቶ አድርጎ ሒሳቡን በአሥር የሚያቀልል ዘዴ አሰራጨ፤ ብዙ አብነቶች ወሰዱት። ለላቲን ሒሳብ አቀለለ። መነሻው 10 ፒክስል የሆነ አብነት ላይ አማርኛ የጻፈና ልክ ማስተካከል የረሳ ሰው ግን ገጹን ለጉንዳን ጻፈው።

በታኅሣሥ 2008 የወጣው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ ጽሑፍ ያለ ልዩ መሣሪያ እስከ 200 በመቶ መጉላት መቻል አለበት ብሎ ደነገገ። ከዚያ ሬም መጣ። ሬም የሚቆጥረው ከቅርብ ወላጁ ሳይሆን ከገጹ ሥር ነው፤ ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ ቢገባ አይኮማተርም፣ የአንባቢውን ምርጫ ግን ያከብራል። ፋየርፎክስ በ2010፣ ኤክስፕሎረር 9 በ2011 ተቀበሉት። ወስፌውን የያዘው ጸሐፊና መጽሐፉን ያዘዘው አስጻፊ ከረጅም ጊዜ በኋላ እንደገና የተነጋገሩት በዚህች ትንሽ መለኪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሠራሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ከራጉኤል የደብተር ጅምላ ሻጭ ጀርባ ቆመን እንየው። በሱቁ ጥግ ኮምፒውተር አለ፤ ልጃቸው ክሮም ውስጥ ገብታ የፊደሉን ልክ "ትልቅ" አድርጋላቸዋለች፤ ይህ ማለት 20 ፒክስል ነው። አንድ አቅራቢ የዋጋ ዝርዝሩን በድረ ገጽ ላካቸው እንበል። ገጹ በ12 ፒክስል የተጻፈ ከሆነ የልጃቸው ድካም ከንቱ ነው፤ ገጹ 12ን ይዞ ይቆማል። "ልጄ፣ ይሄ 3 ነው 8?" ብለው የሱቁን ልጅ ይጠራሉ። "8 ነው ጋሼ፣ ቆይ ላጉላልዎት" ይላል፤ ገጹን በሙሉ ሲያጎላው ሠንጠረዡ ከስክሪኑ ይወጣና የዕቃው ስም እዚህ፣ ዋጋው እዚያ ይቀራል። ያው ዝርዝር በ1.125 ሬም ተጽፎ ቢሆን ለሌላው ሰው በ18 ፒክስል፣ ለእርሳቸው በ22.5 ይከፈት ነበር፤ ማንም ሳይነካው። በጅምላ ንግድ 3ን 8 ብሎ ማንበብ በካርቶን ሲባዛ ስንት እንደሚሆን መርካቶ ያውቃል።

በእጅ ስልክ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። አይፎን በ2007 ሲወጣ ለኮምፒውተር የተሠራን ገጽ በ980 ፒክስል ወርድ ዘርግቶ ወደ መዳፍ ያኮማትረው ነበር። ገጹ የስልኩን ወርድ እንዲከተል የሚያዝ አንዲት መስመር ኮድ ከሌለች ዛሬም ያው ነው፤ ሬምም ቢሆን አያድነውም።

ሬም ያልፈታው አንድ የቆየ ችግር አለ፤ የእርሳሱ ካሬ። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ለሕዝብ ሲወጣ ጆን ሃድሰን የሠራው ኒያላ ፎንት አብሮ መጣ፤ ያለ ተጨማሪ ፎንት አማርኛ ማንበብ ለብዙ ሰው የተቻለው ያኔ ነው። ማክ በ2011 ከፋን ያዘ። ዊንዶውስ 8 ኢብሪማ ላይ ግዕዝ ጨመረ። ጉግል ኖቶን አወጣ። ሁሉም ፊደሉን በካሬው ውስጥ የሚያስቀምጡበት ልክ የየራሳቸው ነው፤ በአንድ 18 ፒክስል ላይ ኒያላ ከኢብሪማ አንሶ ይታያል። ሲኤስኤስ ለዚህ ማስተካከያ አለው፤ በ1998 ታስቦ፣ ተሰርዞ፣ ተመልሶ፣ ክሮም የተቀበለው ገና በ2024 ነው። የሚለካው ግን በዋናነት በላቲኗ ትንሽ ኤክስ ቁመት ነው። በኋላ የላቲን ትልቅ ፊደል ቁመት፣ የዜሮ ወርድና የቻይና ፊደል ካሬ ተጨመሩ። የግዕዝ ፊደል ቁመት በመለኪያነት አልገባም። የግዕዝ አጻጻፍ በዌብ ላይ ምን እንደሚፈልግ የሚዘረዝረው የዌብ መመዘኛ አውጪው የዳብሊው ስሪ ሲ ሰነድ በረቂቅነት ተቀምጧል።

እስከዚያው አዋቂ የሆኑት የአገራችን ገጽ ሠሪዎች የሚያደርጉት ይህ ነው፦ ፎንቱን ለአንባቢው ስልክ ምርጫ አይተዉም፣ ከገጹ ጋር ይልኩታል፤ የካሬው ጠርዝ እንዳይለዋወጥ። የአማርኛውን ክፍል በቋንቋ መለያው ለይተው ከእንግሊዝኛው ከፍ ያለ ሬም ይሰጡታል። የመስመሩን ክፍተት ያለ መለኪያ፣ በብዜት ብቻ፣ 1.6 ወይም 1.7 ብለው ይጽፉታል፤ ፊደሉ ሲያድግ ክፍተቱም አብሮት እንዲያድግ።